ሦስት መኪና ለሐሙስ

ሚያዝያ 2 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ ዱብቲ

ዛሬም መኪናዬ አናደደችኝ። የጽሕፈቷ ማለቴ ነው፤ ሌላ መኪና ማን ሰጥቶኝ። ሙቀቱ ሪባኗን ያደርቀዋል፣ ፊደሎቹም ወባ እንደያዘው ሰው ገርጥተው ይወጣሉ። ለጓድ ሣህሌ ስነግራቸው «አብዮቱ የቆመው በሪባን አይደለም፣ ጓዲት ስንቅነሽ» አሉኝ። በዚህ የጥጥ እርሻ ጽሕፈት ቤት የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊው እሳቸው ናቸው፤ የፓርቲው ሰውም እሳቸው፣ የስብሰባው ሰብሳቢም እሳቸው። የእኔ ሥራ እሳቸው ያሉትን መምታት ነው።

የዝውውሬን ነገር ደግሜ ጠየቅኋቸው። «እየታየ ነው» አሉ። አሥራ አራት ወር ሙሉ እየታየ ነው። ወደ አዋሽ ብዛወር ናዝሬት ያለችው እናቴ ዘንድ በባቡር በግማሽ ቀን እደርሳለሁ። ዓይኗ እየደከመ ነው፤ ያለፈውን ደብዳቤ ያጻፈችው በጎረቤት ነው፣ የራሷ የእጅ ጽሑፍ አይደለም። ቶሎ ካልሄድኩ ፊቴን ሳታይ የምትቀር ይመስለኛል።

ይህን የምጽፈው በእኩለ ቀን ነው። እዚህ ከአምስት ተኩል እስከ ዘጠኝ ተኩል ቢሮ ይዘጋል፤ ነጠላዬን ውሃ ነክሬ ከላዬ ጣል አድርጌ፣ ደብተሩን ሆዴ ላይ አስደግፌ እተኛለሁ። ሌላው ሰው ያንቀላፋል። እኔ እንቅልፍ እምቢ ካለኝ ቆይቷል።

ሚያዝያ 5

የበራችን ዘበኛ ሁመድ አፋር ነው። ጠዋት ስገባ ዳጉ ይጠይቀኛል። ዳጉ ለእነሱ ሰላምታም ነው፣ ጋዜጣም ነው። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ይቆሙና አንዱ ያየውንና የሰማውን ሁሉ ለሌላው ይነግራል፣ የሰማውንም ከማን እንደሰማው ጭምር። የት ዘነበ፣ የማን ግመል ጠፋ፣ ማን ታመመ፣ ምን እንግዳ ፊት ታየ። አይጨምሩም፣ አይቀንሱም። አንድ ወሬ ጠዋት ዱብቲ ተነስቶ ማታ አፋምቦ ይገባል ይባላል።

እኔ ሁልጊዜ «ምንም የለም፣ ደኅና ነኝ» እለዋለሁ። ዛሬ አላለፈኝም።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ምንም የለም። ደገኛ ዓይን የለውም?»

ጋሽ ሀብተ ሥላሴ በመስኮት ሰምተው ሳቁ። የመዝገብ ቤት ሹማችን ናቸው፤ ሃያ ስምንት ዓመት ፋይል ሲያገላብጡ የኖሩ ሰው፣ የምስጢር ሣጥኑን ቁልፍ በክር አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ። ጡረታቸው አሥራ አንድ ወር ቀርቶታል። ይህን ሥራ ያስቀጠሩኝ እሳቸው ናቸው፤ አራት ካርቦን ሳይንሸራተት እንዴት እንደሚገባ ያስተማሩኝም እሳቸው። ሳቃቸው ክፋት የለውም። ቢሆንም ቀኑን ሙሉ ከነከነኝ። ስንት ወረቀት በእጄ የሚያልፍ ሰው ነኝ እኮ።

ሚያዝያ 8

ጸሎተ ሐሙስ። ችኮላ። «ጥብቅ ምስጢር» የሚል ደብዳቤ፣ አራት ቅጂ። ጓድ ሣህሌ ስመታ ከጀርባዬ ቆመው ነበር፤ ስጨርስ ያገለገለውን ካርቦን እንኳ ሰብስበው ወሰዱት። አንዱን ቅጂ ጋሽ ሀብተ ሥላሴ ሣጥን ውስጥ ቆለፉት። ምን እንደሚል እዚህም አልጽፍም።

እትዬ አስካለማርያም፣ የጋሽ ሀብተ ሥላሴ ባለቤት፣ ጉልባን ልካልኛለች። አልበላ አለኝ።

ሚያዝያ 12

ትናንት ፋሲካን እነሱ ቤት ዋልኩ። ጋሽ ሀብተ ሥላሴ አንድ ብርጭቆ ጠጅ ሲጠጡ ጆሯቸው ይቀላል፤ እትዬ አስካለማርያም «ጡረታ ስትወጣ ጆሮህን ሸጠን ቤት እንሠራለን» ትላቸዋለች። ቤቱን ወረኢሉ፣ የአባታቸው መሬት ላይ ሊሠሩ ነው። የመስኮቱን ቁጥር ሳይቀር ተጨቃጨቁበት፤ እሳቸው ሁለት ይበቃል አሉ፣ እሷ አራት አለች። እዚያ ይነፍሳል፣ ማታ ጋቢ ያስለብሳል። እዚህ ጋቢ ማለት ስድብ ነው።

ማምሻውን መዲና ሐብሐብ ቆርጣ ጠበቀችኝ። የምከራየው ግቢ ባለቤት ናት፤ የባቲ ልጅ፣ ግቢው ፊት ለፊት ሻይ ቤት ያላት፣ አንደበቷ እንደ ሻይዋ ትኩስ። «ዶሮሽን አልበላልሽም፣ ሐብሐቤን ግን ትበይልኛለሽ» አለችኝ። ደስ የሚል ቀን ነበር። ጽፌ ላስቀምጠው ብዬ ነው።

ሚያዝያ 13

ዛሬ ሁመድ ሲጠይቀኝ ባዶ እጄን አልነበርኩም። ጠዋት በመጀመሪያ የመታሁት የነዳጅ ማዘዣ ነበርና፣ «ለሐሙስ ለሦስት የጭነት መኪና ነዳጅ ተፈርሟል» አልኩት።

ዱላውን ይዞ ጠጋ አለኝ።

«ሰማሽ ወይስ አየሽ?»

«ራሴ ነኝ የመታሁት።»

«ጥጥ አልቋል። መኪናው ምን ይጭናል?»

«እኔ ምን አውቄ» አልኩት፣ ሳቄም መጣ።

እሱ አልሳቀም። ጎንበስ ብሎ እጄን በእጁ ነካ ነካ አደረገ፤ እነሱ እርስ በርሳቸው እንደሚያደርጉት። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሰላም ብሎኝ አያውቅም። ደስ ብሎኛል፣ ለምን እዋሻለሁ።

ጋሽ ሀብተ ሥላሴ መስኮቱ ላይ ነበሩ። ስገባ «ደኅና አደርሽ» ብቻ አሉኝ።

የነዳጅ ማዘዣ ምስጢር አይደለም። «ምስጢር» የሚል ማኅተም የለበትም፤ ጋራዥ ግድግዳ ላይ ሁሉ ይለጠፋል።

ሚያዝያ 15

ገበያው ባዶ። ሴቶች፣ ሽማግሌዎች፣ ፍየሎች። አንድ ጎረምሳ የለም። ወታደሮቹ በመኪናው ጥላ ሥር ተቀምጠው ውሃ ይጠጣሉ። ጓድ ሣህሌ ሲመላለሱ ሸሚዛቸው ጀርባቸው ላይ ተጣብቋል። ከሰዓት በኋላ ስለሆነው መጻፍ አልችልም።

ሚያዝያ 16

አሁንማ አገር ያወቀው ነው፣ ልጻፈው። ያ ደብዳቤ የብሔራዊ ውትድርና ኮታ ነበር። የአፋር ወጣቶች ሐሙስ ገበያ ሲወጡ ታፍሰው ሊጫኑ ነበር። አልወጡም። ከዳር እስከ ዳር ቀድመው ሰምተዋል።

ኮታ ግን ኮታ ነው። በዘጠኝ ሰዓት መኪናዎቹ ወደ ቀን ሠራተኞች ሰፈር ዞሩና ለአረም የቀሩትን የወሎ ልጆች ጫኑ። አሥራ ሰባት ናቸው። አራቱ መዲና ሻይ ቤት ነበሩ። ከዚያ ወዲህ የእነሱን ብርጭቆ አላጠበችም። «ሻያቸውን አልጨረሱም» ትላለች፣ ደጋግማ ይህንኑ ብቻ። ከዚያ ደግሞ «ማን ይሆን ለአፋሮቹ የነገረው? ወላሂ ለእነሱ ደግ ሠራ። የእኛዎቹን ግን በላቸው» አለች።

ብርጭቆዎቹን እኔ አጠብኳቸው።

ሚያዝያ 18

እሑድ ነው፣ ጊዜ አለኝ፣ በሥርዓት ላስበው።

አንደኛ፣ የተናገርኩት ስለ ነዳጅ ነው። ስለ አፈሳ አንድ ቃል አልወጣኝም። ሁለተኛ፣ ሁመድ ለማን እንደነገረ አላውቅም፤ ምናልባት ለማንም አልነገረ ይሆናል። ሦስተኛ፣ መኪናዎቹን የነዳጅ ማደያ ሠራተኛውም አይቷቸዋል፣ ሾፌሮቹም ያውቃሉ፣ ሾፌር ደግሞ አፉ አያርፍም። አራተኛ፣ ልጆቹን የጫንኳቸው እኔ አይደለሁም።

አራቱንም ደጋግሜ አነበብኳቸው። ልክ ናቸው። ታዲያ ለምንድን ነው ምግብ የማይወርድልኝ።

ማዘዣውን ስመታ ሦስቱ መኪና ምን ሊጭን እንደሆነ አውቅ ነበር። ይህን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምጽፈው።

ሚያዝያ 20

ስብሰባ። ጓድ ሣህሌ «ምስጢሩ የወጣው ከዚህ ጣራ ሥር ነው» አሉ። ደብዳቤውን የሚያውቁ አራት ሰዎች ናቸው፦ ሥራ አስኪያጁ፣ እሳቸው፣ ጋሽ ሀብተ ሥላሴ፣ እኔ። ማንም ማንንም አላየም። ሁሉም ጣሪያውን ያያል።

በኋላ ብቻዬን አስጠሩኝ። ውሃ ቀዱልኝ። «አንቺ የድሃ ልጅ ነሽ፣ አብዮቱ ያስተማረሽ። አንቺን አልጠረጥርም» አሉኝ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፦ የሣጥኑ ቁልፍ ከማን እጅ አይለይም?

እውነቱን ተናገርኩ፤ ከአቶ ሀብተ ሥላሴ አንገት አይለይም አልኩ። የተናገርኩትን ራሴው መትቼ እንድፈርም አደረጉኝ። ፈረምኩ። አንድም ውሸት የለበትም።

ሚያዝያ 21

ጋሽ ሀብተ ሥላሴን ወሰዷቸው።

ሁለት ታጣቂዎች መዝገብ ቤት ሲገቡ «ያለ ርክክብ አልወጣም» አሉ። ታጣቂዎቹ ሳቁ፣ እሳቸው ግን መነጽራቸውን አድርገው ወረቀት አወጡ። ጓድ ሣህሌ ሰዓታቸውን አይተው «ይሁን» አሉ። ፋይሎቹን አንድ በአንድ እየጠሩ አስረከቡ፤ ተረካቢዋ እኔ ነበርኩ። የተቀደደውን «ተቀዷል» ብለው፣ የጎደለውን «ጎድሏል» ብለው አስመዘገቡ። በመጨረሻ ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው ሰጡኝ። ክሩ በላባቸው ርሷል።

«ሣጥኑ ሲከፈት ወደ ቀኝ ገፋ አድርገሽ ነው፣ አትርሺ» አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉኝም።

ሚያዝያ 26

ረመዳን ከገባ ቀናት ሆነው። ሁመድ በዚህ ሙቀት ምራቁን ሳይውጥ ይቆማል። ጠዋት ጠዋት ዳጉ ይጠይቀኛል፤ እኔም «ምንም የለም» እለዋለሁ። ዓይን ዓይኔን ያየኛል፣ ከዚያ ወደ መንገዱ ይዞራል።

ለጋሽ ሀብተ ሥላሴ ምሳ የማደርሰው እኔ ነኝ፤ እትዬ አስካለማርያምን ዘበኞቹ አያስገቧትም። አሮጌው የጆንያ መጋዘን ውስጥ ነው ያሉት። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ፊታቸው አብጧል። «ወባ ነው» አሉኝ። ወባ ከንፈር አይሰነጥቅም።

«ጋሼ፣ ጠየቁዎት?»

«ይጠይቃሉ። እኔም አላውቅም እላለሁ። ሥራችን ነው፣ የእነሱም የእኔም።» ወደ በሩ አየት አድርገው፣ «ሁመድን አንድ ሰው ጠይቆታል እንዴ?»

«አልጠየቁትም።»

«ደግ። እሱ አምስት ልጆች አሉት። አንቺም እናት አለሽ። እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ልጄ፣ ከእንግዲህ የሚጎድልብኝ ጡረታ ብቻ ነው። ሥራሽን ጠብቂ።»

ለምን እንዲህ እንዳሉኝ አልገባኝም። ምናልባት ትኩሳቱ ይሆናል የሚያናግራቸው።

እትዬ አስካለማርያም በር ላይ ትጠብቀኛለች። «በላልኝ?» ትላለች። «በልተዋል» እላታለሁ። እጄን ይዛ «ባትኖሪልኝ ምን እሆን ነበር» አለችኝ። እጄን ቀስ ብዬ አወጣሁ። ከእሷ ጋር መቆም አልቻልኩም፣ መሬት ብትከፈት እገባለሁ ያልኩት እዚያ ነው።

ግንቦት 4

ጓድ ሣህሌ ዳጉን ደረሱበት። አንድ አፋር ሾፌር አስፈራርተው እንደ መንገደኛ ላኩት። ልጁ ከአፋምቦ ጀምሮ ወደ ኋላ እየጠየቀ መጣ፦ ይህን ከማን ሰማህ፣ እሱስ ከማን? ለመንገደኛ ዳጉ አይከለከልም፣ አይዋሽምም። ስም በስም ተቀጣጥሎ በስምንተኛው ቀን የእኛው በር ላይ ቆመ። ሁመድ።

ከበሩ ላይ ነው የወሰዱት። ዱላውን ግንቡ ላይ አስደግፎ ሄደ።

ቢሮው ሁሉ ሹክሹክታ ነው። «ሀብተ ሥላሴ ለሁመድ፣ ሁመድ ለአገሩ። ተገጣጠመ» ይላሉ። እኔም እየሰማሁ እመታለሁ። በአንድ ገጽ ስድስት ስሕተት።

ግንቦት 5

ሁመድ ከማን እንደሰማ ሲጠይቁት «ከቢሮ» ብሎ ዝም አለ። ከሽማግሌው ነው ወይ ሲሉት «አይደለም» አለ። ከማን ነው ሲሉት ዝም።

በበሩ ሳልፍ ዳጉ የሚጠይቀኝ የለም። አዲሱ ዘበኛ መታወቂያዬን ነው የሚጠይቀው።

ግንቦት 9

ሁለቱን አንድ ላይ አድርገዋቸዋል። ምሳ ሳደርስ ጋሽ ሀብተ ሥላሴ ግድግዳ ተደግፈው፣ ሁመድ እግራቸው ሥር ተኝቶ አገኘኋቸው። እግሩ መሬት አይረግጥም። ጦሙን አልፈታም፤ ውሃ ብሰጠው ፊቱን አዞረ። ከውሃው ይሁን ከእኔ አላወቅኩም።

ጋሽ ሀብተ ሥላሴ «ይህ ሰው እስከ ዒድ አይቆይም» አሉ፣ እኔን ሳያዩ።

ግንቦት 12

ነገ እናገራለሁ።

ግንቦት 13

ጓድ ሣህሌ የሉም። ደሴ ለስብሰባ ሄደዋል።

ግንቦት 16

ተመልሰዋል። ራሴን አሞኛል፣ ሳልገባ ዋልኩ።

ግንቦት 17

ቢሮ ባዶ ሲሆን ወረቀት አስገባሁ። «ጉዳዩ፦» ብዬ መታሁ። ሁለት ነጥቡን አየሁት፣ ከዚያ የእናቴ ዓይን ታየኝ፣ ከዚያ የሁመድ እግር፣ ከዚያ ደግሞ የራሴ እግር። ወረቀቱን አወጣሁት፣ ቀደድኩት፣ ቁርጥራጩንም ዋጥኩት። እውነቴን ነው፣ አኝኬ ዋጥኩት። ይህን ማንም አያምንም።

ፈሪ ነኝ። በቃ፣ ሌላ ስም የለውም።

ግንቦት 21

ዒድ። መዲና አዲስ ልብስ ለብሳ ሰሐን ሙሉ ምግብ አመጣችልኝ። ቁጭ አለች፣ አልሄድ አለች።

«ስንቄ፣ በዚህ ወር አንድም ቀን በደንብ ስትበዪ አላየሁም። ምንድን ነው የያዘሽ?»

«ሙቀቱ ነው።»

«ሙቀቱ ሁላችንን ነው የያዘን። አላህ ያያል፣ እኔ ግን ዓይኔ ደካማ ነው፤ ንገሪኝ።»

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ሻያቸውን ያልጨረሱት ልጆች ትዝ አሉኝና ዘጋሁት። ሰሐኗን ይዛ ወጣች። ስትሰናበተኝ ስንቅነሽ አለችኝ እንጂ ስንቄ አላለችኝም።

ግንቦት 25

ሁለቱንም ዛሬ ጎሕ ሳይቀድ በመኪና ወሰዷቸው። የት እንደሆነ አልተነገረንም፤ ወደ አዋሽ መስመር ነው የሚሉ አሉ። መጋዘኑን ሄጄ አየሁት። ጆንያ ብቻ።

ግንቦት 27

ዝውውሬ ተፈቀደ። ጓድ ሣህሌ ደብዳቤውን ራሳቸው ሰጡኝ። «ላሳየሽው ንቃት» አሉ። ወደ አዋሽ፣ ከሰኔ ወር ጀምሮ፣ በአንድ እርከን ከፍ ብዬ።

አመሰግናለሁ አልኳቸው።  ጠረጴዛዬ ጋ ተመልሼ ለእናቴ ጻፍኩ፦ «ደስ ይበልሽ፣ መጣሁልሽ።»

ሰኔ 7

እትዬ አስካለማርያም ልትሰናበተኝ መጣች። እሽግ ይዛለች፦ ሁለት ካናቴራ፣ ካልሲ፣ የወባ ክኒን፣ መነጽራቸው የሚጠረግበት ጨርቅ። «አንቺ በዚያው መስመር ነሽ፤ ያሉበትን ብታገኚ አድርሽልኝ። ካልሲው ለማታ ነው በይው፣ እግሩን ይበርደዋል።» በዚህ አገር፣ በሰኔ፣ እግሩን ይበርደዋል። ሃያ ምናምን ዓመት አብራ የተኛች ሰው ታውቃለች።

እኔ ላጽናናት ሲገባኝ፣ እንኳን ለዝውውሩ አበቃሽ አለችኝ እሷ። እሽጉን ተቀበልኩ።

ሰኔ 9፣ ገዋኔ

አውቶቡሱ እዚህ ተሰበረ፤ ሾፌሩ ሥሩ ገብቶ እየተሳደበ ነው። ዛፍ ሥር ተቀምጫለሁ። አሁኑኑ መጻፍ አለብኝ፤ ሳልጽፈው ከሌላ ነገር ጋር እንዳላደባልቀው።

ጠዋት አዳይቱ ላይ ቆመን ነበር። ወተት የምትሸጥ አንዲት አፋር ሴት በመስኮቴ ሥር መጣች፣ የእኔ እኩያ፣ አማርኛዋ ደኅና። አንድ ጠርሙስ ወተት ገዛሁ። ከየት ነው የምትመጪው አለችኝ። ከዱብቲ አልኳት። ያኔ ዕቃዋን መሬት አስቀምጣ ዳጉ ጀመረች፤ እንግዳ ከዱብቲ መጥቶ ዝም ብሎ አይታለፍም። የግጦሹን ነገር ነገረችኝ፣ አንድ ሰው እባብ ነድፎት መዳኑን ነገረችኝ፣ ከዚያ፦

«ከዱብቲ እርሻ የታሠረ ሽማግሌ ነበረ። ሀብተ ሥላሴ። ቅዳሜ ሞተ። ከመሞቱ በፊት ‹ለዘበኛው የነገርኩት እኔ ነኝ፣ እሱን ልቀቁት› ብሎ ፈረመ። እሑድ ዘበኛውን ለቀቁት። ሁመድ ትናንት በዚህ አለፈ፣ በሰው ግመል፤ እግሩ አይሄድም። ለወንድሜ ነገረው፣ ወንድሜ ለእኔ ነገረኝ።»

ጠርሙሱን ያዝኩት መሰለኝ፣ ወይም እሷ ያዘችልኝ።

«ሽማግሌው አይደለም የነገረው» አለች። «ስንቅነሽ የምትባል ጸሐፊ ናት፤ ሽማግሌው በመስኮት አይቷታል። ሁመድ ለመንግሥት ስሟን አልሰጠም፣ ሴት ናት ብሎ፣ ለእኛ ልጆችም ደግ ሠርታለች ብሎ። ራሷ ትናገራለች ብሎ ጠበቀ። አልተናገረችም።»

ውሸት ነው ለማለት ፈለግኩ። አልቻልኩም። ከማን ለማን እንደመጣ ነግራኛለች።

ከዚያ ጨረሰችና ቀና ብላ አየችኝ። ተራዬ ነበር።

«አንቺስ? ምን አየሽ? ምን ሰማሽ? ማን ልበልሽ?»

ከኋላዬ ያለው ተሳፋሪ አፍንጫውን ይናፈጣል። የእትዬ አስካለማርያም እሽግ ጉልበቴ ላይ ነው። ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚበቃው፤ እሷ ደግሞ ወታደር አይደለችም፣ ካድሬ አይደለችም፣ ወተት ሻጭ ናት። ማንም አያስረኝም ነበር።

«አስረሳሽ እባላለሁ» አልኳት። «ምንም አላየሁም።»

አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። እሷ እዚያው ቆማ ነበር።

ጋሽ ሀብተ ሥላሴ ሞተዋል። ባለቤታቸው አታውቅም። ከሁመድ በቀር ከዱብቲ ሰው እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው፣ እኔም ከዱብቲ ወጥቻለሁ። ሾፌሩ ዛሬ አንነሳም፣ መለዋወጫው ነገ ነው የሚመጣው እያለ ነው። የጭነት መኪናዎች በአጠገባችን ወደ አዋሽ ያልፋሉ፤ ላያቸው ላይ አፋሮች ተሳፍረዋል።

ሰኔ 11፣ አዋሽ

ትናንት አመሻሹ ላይ ደረስኩ። የባቡሩን ፊሽካ ከአልጋዬ እሰማዋለሁ። እሑድ ናዝሬት እሄዳለሁ።

ዛሬ ጠዋት ደብዳቤዬን ይዤ ወደ አዲሱ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። የበሩ ዘበኛ አፋር ነው፤ ሽማግሌ፣ ጢሙ ቀይ የተቀባ። ከአንድ ሾፌር ጋር ቆመው እየተጠያየቁ ነበር፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ዘበኛው ዘንበል ብሎ እየሰማ። እስኪጨርሱ ጠበቅኩ። ሾፌሩ ሲሄድ ደብዳቤዬን ዘረጋሁለት።

ደብዳቤውን አላየውም። ማንበብም አይችል ይሆናል። ፊቴን ነው ያየው፣ ረጋ ብሎ፣ ሳይቆጣ።

«ግቢ፣ ስንቅነሽ» አለኝ። «ዳጉ አልጠይቅሽም። መልክሽ ከሁመድ ደርሶናል፤ አዳይቱ ላይ የሰጠሽው ስምም ደርሶናል።»

በሩን ከፈተልኝ። ገባሁ። ጠረጴዛዬን አሳዩኝ፤ መኪናዋ አዲስ ናት፣ ሪባኗም ጥቁር ነው፣ እስከ ምሳ ድረስ አሥራ አንድ ደብዳቤ መታሁ።